ሥጋቱን ማን ይሸከማል? የባንክ ቁጥጥርና የትልልቅ ባንኮች ድፍረት፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሲታይ

ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ከባንክ የሚፈልጉት ይለያያል። ጦሳ ሥር ያለችው ደሴ የንግድ ከተማ ናት። ነጋዴዋ የሚፈልገው ዕቃ አስገብቶ፣ ሸጦ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ የሚመልሰውን አጭር ብድር ነው። በቦርከና ዳር ያለችው ኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራ፣ የቆዳና የብረታ ብረት ፋብሪካ ማሽን ተክሎ ዕዳውን እስኪጨርስ ዓመታት ይፈጅበታል። ደረቅ ወደብ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክና ከአዋሽ የሚመጣ የባቡር ሐዲድም አላት። የአንዷ ብድር በዋጋ መውጣትና መውረድ፣ የሌላዋ ብድር በዓመታት ርዝመት ይፈተናል።

ይህን ሥጋት ማን ይሸከም የሚለው ውሳኔ ግን ደሴ ፒያሳ ባለ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ እጅ ብቻ አይደለም። ባንኩ ምን ያህል፣ በምን መያዣ፣ በስንት ካፒታል እንደሚያበድር የብሔራዊ ባንክ መመሪያ አስቀድሞ ያሰምርለታል። መመሪያው ሲጠብቅ ትልልቆቹ ባንኮች ይጠነቀቃሉ ወይስ ሌላ የድፍረት መንገድ ይፈልጋሉ? የኢትዮጵያ ያለፉት 15 ዓመታት ታሪክ አንድ ነገር አጉልቶ ያሳያል፤ ቁጥጥር ሥጋትን ከቦታ ቦታ ያዛውራል። ስለዚህ እያንዳንዱን መመሪያ መመዘን የሚገባው ሥጋቱን ከማን አንስቶ ለማን አሸከመ በሚል ነው።

የግማሽ ምዕተ ዓመት ክርክር

ባንክ የሚያበድረው በአብዛኛው የሰው ገንዘብ ነው። ሲያተርፍ ትርፉ ለባለአክሲዮኑ ይሄዳል፤ ሲከስር ባለአክሲዮኑ የሚያጣው ያዋጣውን ነው፣ የተረፈው ጉዳት በአስቀማጩ ወይም በመንግሥት ላይ ይወድቃል። ባንኩ በገዘፈ ቁጥር መንግሥት ዝም ብሎ ሊያየው አይችልም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 ኮንቲኔንታል ኢሊኖይ የተባለው ባንክ ሲንገዳገድ መንግሥት ደግፎ አቆመው፤ አንዳንድ ባንኮች ከግዙፍነታቸው የተነሳ እንዲወድቁ አይፈቀድም የሚለው አነጋገርም ከዚያ ወዲህ በሰፊው ተለመደ። ባለአክሲዮኑ ይህን ካወቀ ለመድፈር ምክንያት አለው፣ አስቀማጩም ለመጠንቀቅ ምክንያት ያጣል።

የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ መልስ ካፒታል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የባዝል ስምምነት ባንኮች በሥጋት ከተመዘነው ሀብታቸው ቢያንስ 8 በመቶውን በራሳቸው ካፒታል እንዲሸፍኑ ጠየቀ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም ይህንኑ 8 በመቶ ወስዷል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ የራሱ ገንዘብ የገባበት ሰው ይጠነቀቃል።

ጥናቱ ግን እንዲህ ቀጥ ብሎ አልሄደም። ማይክል ኮህንና አንቶኒ ሳንቶሜሮ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ጽሑፍ ካፒታል አብዝቶ እንዲይዝ የተገደደ ባንክ የቀነሰበትን ትርፍ ለማካካስ ወደ አደገኛ ብድር ሊያዘነብል እንደሚችል አሳዩ። ማይክል ኪሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 የአሜሪካ ባንኮችን መርምሮ ሌላ ነገር አገኘ። ከውድድር የተጠበቀ ባንክ ፈቃዱ ራሱ ብዙ ዋጋ ስላለው እሱን ላለማጣት ይጠነቀቃል፤ ውድድር ሲመጣ የፈቃዱ ዋጋ ይወርዳል፣ ድፍረቱ ይጨምራል። ሉክ ላቨንና ሮስ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ2009 የባለቤትነትን ጥያቄ ጨመሩበት፤ አንድ ዓይነት ደንብ ትልቅ ባለአክሲዮን ባለው ባንክና ባለቤትነቱ በተበተነ ባንክ ላይ የተለያየ ውጤት እንደሚያመጣ አሳዩ። ጄምስ ባርት፣ ጄራርድ ካፕሪዮና ሌቪን ከመቶ በላይ አገሮችን አነጻጽረው የደረሱበት ድምዳሜ ደግሞ ለተቆጣጣሪዎች የማይመች ነው፤ ባንኮች መረጃቸውን በግልጽ ማውጣታቸው የተቆጣጣሪን ሥልጣን ከማብዛት የተሻለ ፋይዳ ነበረው።

እነዚህ አራት ግኝቶች፣ ማለትም ካፒታል፣ ውድድር፣ ባለቤትነትና ግልጽነት፣ ሁሉም በኢትዮጵያ የባንክ ታሪክ ውስጥ ምሳሌ አላቸው። አንዳንዶቹ ምሳሌዎች ደግሞ በደቡብ ወሎ መሬት ላይ ቆመው ይታያሉ።

የ27 በመቶው ዘመን

ደሴ ለባንክ አዲስ አይደለችም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት፣ የኢትዮጵያ ባንክ ከአዲስ አበባ ውጭ ቅርንጫፍ ከከፈተባቸው ጥቂት ከተሞች አንዷ ነበረች። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ባንኮችን ወረሰ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 84 ለኢትዮጵያውያን ባለሀብቶች በሩን ሲከፍት አዋሽ፣ ዳሸን፣ አቢሲኒያ፣ ወጋገን፣ ሕብረትና ንብ ተከታትለው ተመሠረቱ። ባለቤትነታቸውም እንዲበተን ተደረገ፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ አንድ ሰው ከ5 በመቶ በላይ አክሲዮን እንዳይይዝ ከልክሏል።

በ2003 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ያወጣው መመሪያ የእነዚህን ባንኮች አካሄድ ለዓመታት ወሰነ። እያንዳንዱ የግል ባንክ ካበደረው አዲስ ብድር 27 በመቶ ጋር የሚመጣጠን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዛ ታዘዘ። ሰነዱ ለአምስት ዓመት የሚቆይና በዓመት 3 በመቶ ወለድ የሚከፍል ነበር። በጊዜው ለአስቀማጭ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ 5 በመቶ ነበር።

ሒሳቡን በአንድ ብድር ማየት ይቻላል። ባንክ ለአንድ ነጋዴ 10 ሚሊዮን ብር ሲያበድር 2.7 ሚሊዮን ብር ሰነድ ይገዛል። ከሰነዱ በዓመት 81 ሺህ ብር ያገኛል፤ ለዚያው ገንዘብ ለአስቀማጮች 135 ሺህ ብር ይከፍላል። በዓመት 54 ሺህ ብር ይጎድልበታል ማለት ነው። ከሁሉም የባሰው ለአጭር ብድር ነበር። የደሴ ነጋዴ ብድሩን በስድስት ወር ቢመልስም ሰነዱ አምስት ዓመት ይቀመጣል፤ ነጋዴው እንደገና ሲበደር ባንኩ እንደገና 27 በመቶ ይገዛል።

ባንኮች ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ጉድለቱን የሚሸፍንላቸው ፈለጉ። የብድር ወለድና የአገልግሎት ክፍያ ጨመሩ፣ ከኤልሲና ከውጭ ምንዛሪ ሥራ የሚገኘውን ገቢ አሳደዱ፣ መያዣ ሲጠይቁም ጠበቁ። ዋጋውን የከፈለው በመጨረሻ ተበዳሪው ነው።

ከግል ባንኮች የተሰበሰበው ገንዘብ ጠፍቶ አልቀረም፤ ከፍ ያለ ድርሻው ለኢትዮጵያ ልማት ባንክ ሆኖ በረጅም ጊዜ ብድር ተከፋፈለ። ዓላማው ኢንዱስትሪንና ትልልቅ እርሻን ማሳደግ ነበር፤ ለኮምቦልቻ ዓይነት ከተማም የሚጠቅም ሐሳብ ነበር። ውጤቱ ግን ከባድ ሆነ። በጋምቤላ በዝናብ ላይ ለተመሠረተ ሰፋፊ እርሻ የተሰጠው ብድር ከፍተኛ ኪሳራ አስከተለ፤ በ2010 ዓ.ም. አካባቢ የልማት ባንኩ የተበላሸ ብድር ድርሻ ወደ 40 በመቶ ተጠግቶ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ጤናማ ብሎ የሚቀበለው ጣሪያ 5 በመቶ ነው። የግል ባንኮች መዝገብ በዚያው ዘመን ጤናማ ይመስል ነበር፤ ሥጋቱ በመመሪያ ተዛውሮ ሌላ መዝገብ ላይ ተቀምጦ ስለነበር ነው። መመሪያው የተነሳው በ2012 ዓ.ም. ነው።

እንዲወድቅ የማይፈቀድለት ባንክ

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከ27 በመቶው ግዴታ ውጭ ነበር። ምክንያቱም እሱ የመንግሥትን ትልልቅ ሥራዎች በቀጥታ ይደግፍ ነበር። ከአገሪቱ የባንክ ሥርዓት ግማሽ ያህሉን የያዘው ይህ ባንክ ለኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለስኳር፣ ለባቡርና ለሌሎች የመንግሥት ድርጅቶች ብድር አቀረበ፣ ቦንዳቸውንም ገዛ።

መመሪያው ግን አንድ ባንክ ለአንድ ተበዳሪ ከካፒታሉ ከ25 በመቶ በላይ እንዳያበድር ይላል። በዚህ ወሰን ውስጥ ሆኖ በጥቂት ድርጅቶች ላይ ያን ያህል ዕዳ መከመር አይቻልም ነበር። ማለፊያው የመንግሥት ዋስትና ነበር፤ መንግሥት ከኋላው የቆመለት ብድር በካፒታል ስሌት ውስጥ ሥጋት እንደሌለው ይቆጠራል፤ ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ልማድ አይደለም፣ የባዝል ስምምነት ራሱ ለመንግሥት ዕዳ ዜሮ ሚዛን እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ስለዚህ በደሴ ያለ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ለሱቅ ባለቤት ሲያበድር ደንቡ በሙሉ ክብደቱ ያርፍበታል፤ የአገሪቱ ትልቁ ሥጋት ያለበት ግዙፍ ብድር ግን በደንቡ ሚዛን ላይ ቀሎ ይታያል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ለዚህ ነው።

ሒሳቡ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ2013 ዓ.ም. የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ የድርጅቶቹን ዕዳ ተረከበ። ዕዳው ግን በኮርፖሬሽኑ እጅም መከፈል አልቻለም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የመንግሥት ቦንድ ለንግድ ባንኩ እንዲሰጥ አጸደቀ፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የድርጅቶቹን ዕዳ የሚተካ፣ ቀሪው ካፒታል የሚያጠናክር ነው። የዓለም ባንክም የፋይናንስ ዘርፉን ለማጠናከር 700 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። ዕዳው ከድርጅት ወደ ባንክ፣ ከባንክ ወደ ኮርፖሬሽን፣ ከኮርፖሬሽን ወደ ግብር ከፋይ ተዛውሮ አረፈ።

ኮምቦልቻ የዚህን ዘመን ድፍረት ከደጇ ታየዋለች። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደው፣ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 1.7 ቢሊዮን ዶላር ያህል ዋጋ ያለው የባቡር መስመር ውል በ2004 ዓ.ም. ለቱርኩ ያፒ መርከዚ ተሰጠ። የአዋሽ–ኮምቦልቻው ክፍል ግንባታ ወደ መጠናቀቁ ሲደርስ ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ አልተሟላም፤ ቆይቶም የሰሜኑ ጦርነት ደረሰበት። ሐዲዱ ገቢ ባያስገባም የብድሩ ወለድ ይቆጥራል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ከ100 ብር በላይ ሲሻገር በውጭ ገንዘብ የተወሰደ ዕዳ ሁሉ በብር ሲቆጠር ወደ እጥፍ ተጠጋ።

ለዚህ መስመር ገንዘብ ካሰባሰቡት የውጭ ባንኮች አንዱ የስዊዘርላንዱ ክሬዲት ስዊስ ነበር። ክሬዲት ስዊስ ከዓለም ትልልቅ ባንኮች ተርታ የሚቆጠር፣ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ዋና ካፒታሉ ደንቡ ከሚጠይቀው በላይ፣ 14 በመቶ የደረሰለት ባንክ ነበር። አርኬጎስና ግሪንሲል በተባሉ ደንበኞቹ ሳቢያ የደረሰበት ጉዳት አመኔታ አሳጥቶት አስቀማጮች ገንዘባቸውን ማውጣት ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ተቀናቃኙ ዩቢኤስ ሊጠቀልለው ተስማማ። በዚያው ወር የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ወደቀ። እሱ የወደቀው አደገኛ በሚባል ብድር አልነበረም፤ ከያዘው ብዙው ከሥጋት ነፃ የሚባል የመንግሥት ሰነድና በመንግሥት የተደገፈ ሰነድ ሲሆን፣ ወለድ ሲጨምር የሰነዶቹ ዋጋ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሕግ ጥብቁን ቁጥጥር ለግዙፎቹ ባንኮች ብቻ ስላደረገው የቅርብ ክትትል አላገኘም ነበር። በሁለቱም ታሪክ ደንቡ የሚለካው ነገር ደህና ነበር፤ ያልተለካው ጣላቸው።

ካርታው፣ ሐራጁና ጦርነቱ

የኢትዮጵያ ባንኮች ሥጋትን የሚጠብቁበት ዋና መሣሪያ መያዣ ነው። በደሴ አንድ ነጋዴ ብድር ሲጠይቅ የባንኩ ገማች መሐንዲስ ሜትር ይዞ ቤቱ ድረስ ይሄዳል። ግድግዳው ብሎኬት ነው ወይስ ጭቃ፣ ስንት ክፍል አለው፣ አስፋልት ዳር ነው ወይስ ወደ ውስጥ የገባ፣ ሁሉንም ይመዘግባል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ግምቱ በዋናነት ቤቱንና ቦታው የሚገኝበትን አካባቢ ይዞ ይሠራል። ብድሩ ሲፈቀድ ካርታው ባንክ ይገባል፣ ማዘጋጃ ቤት ደግሞ እግድ ይመዘገብበታል። መኪና ከሆነ ሊብሬው ይያዛል። ተበዳሪው ካልከፈለ ባንኩ በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ ንብረቱን በሐራጅ ይሸጣል።

ይህ አሠራር ባንክን ይጠብቃል፣ ግን ባንኩን ሰነፍ ያደርገዋል። ካርታ ያለው ሰው መጥፎ የንግድ ሐሳብ ይዞ ሊበደር ይችላል፤ ጥሩ ሐሳብ ያላትና ካርታ የሌላት ወጣት ግን በሩ ላይ ትቀራለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ከብትን፣ ሰብልንና ማሽንን ለማስያዝ መንገድ ከፍቷል፤ በስልክ የሚሰጡ ጥቃቅን የዲጂታል ብድሮችም ያለ መያዣ መስጠትን አለማምደዋል። ለትልልቅ ብድር ግን ዛሬም ገዥው ካርታ ነው።

የመያዣው ድክመት ፍንትው ብሎ የታየው በጦርነቱ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ያዙ፤ የፌዴራል መንግሥት ከተሞቹን መልሶ መቆጣጠሩን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ አምስት ሳምንታት የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተዘረፉ፣ ማሽን ተነቀለ፣ የደሴ ሆስፒታል ሳይቀር ባዶ ቀረ፣ የባንክ ቅርንጫፎች ተዘጉ።

ከባንክ አንፃር የሆነው እንዲህ ነው። የተበዳሪው ንግድ፣ ያስያዘው ቤት፣ በሐራጅ ሊገዛው የሚችለው ጎረቤት፣ ሁሉም ያሉት በአንድ ከተማ ነው። ንግዱ ሲወድም መያዣው አብሮ ዋጋ ያጣል፤ ሐራጅ ቢወጣም ገዥ የለም። የተለመደው የእሳትና የንብረት ኢንሹራንስ ውል ደግሞ ጦርነትን አይሸፍንም፤ ለዚያ ልዩ ውል ያስፈልጋል። ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር በደንቡ የተበላሸ ይባላል፣ ባንኩም መጠባበቂያ እንዲይዝለት ይገደዳል። ደንቡ ሆን ብሎ ያልከፈለንና ፋብሪካው የተዘረፈበትን ሰው መለየት ይከብደዋል። ቢለይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ ብድሩ ጤነኛ እንደሆነ ተደርጎ ከተመዘገበ የባንኩ ሕመም ይደበቃል።

በዚህ ፈተና ትልቅነት ጥቅም አለው። በመላ አገሪቱ የሚሠራ ባንክ የኮምቦልቻን ጉዳት ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማና ከሐዋሳ በሚያገኘው ሊሸፍን ይችላል። በአንድ አካባቢ ላይ ያተኮረ ባንክ ያን አያገኝም። አማራ ባንክ ሥራ የጀመረው ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከተሞቹ ከተመለሱ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው፤ ከመቶ ሺህ በላይ ባለአክሲዮኖች አሉት። ለዓመታት የክልሉን ገበሬ ሲያበድር የኖረው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ደግሞ ወደ ጸደይ ባንክ አድጓል። ሁለቱም ሕዝቡ በራሱ አካባቢ ባንክ እንዲኖረው ያለውን ፍላጎት ያሳያሉ። ሁለቱም ግን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ጫናው በቀጥታ የሚደርስባቸው ናቸው። ትልቁ ባንክ በበኩሉ ሌላ ምርጫ አለው፤ ቅርንጫፉ ተቀማጭ እየሰበሰበ ብድሩን ወደ ሌላ ከተማ ማዞር ይችላል። ለባንኩ ጥንቃቄ የሆነው ለደሴ የገንዘብ ፍሰት መድረቅ ነው።

የጣሪያው ዘመን

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለማብረድ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ወሰነ። ንረቱ በዚያ ወቅት ወደ 30 በመቶ ተጠግቶ ነበር፤ ስለዚህ 14 በመቶ ማለት ብድር በእውነተኛ ዋጋው እየሟሸሸ መሄድ ማለት ነው። ጣሪያው በ2017 ዓ.ም. ወደ 18፣ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ 24 በመቶ ከፍ ብሏል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ባንኮች ከሚያበድሩት 20 በመቶ ጋር የሚመጣጠን የአምስት ዓመት የመንግሥት ቦንድ እንዲገዙ ታዝዘው ነበር።

ንረቱን ማብረድ ትክክለኛ ዓላማ ነው፤ የዋጋ ንረት ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ድሃውን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ንረቱ መቀነሱም እውነት ነው። ይሁንና ጣሪያው በባንክ ውስጥ የሚሠራው ነገር መታየት አለበት። የሚያበድረው የተለካ ባንክ ያለችውን ለነባር፣ ለትልቅና ለቅርብ ደንበኛ ይሰጣል። ለአንድ አስመጪ 100 ሚሊዮን ብር ማበደር ለመቶ ነጋዴዎች አንድ አንድ ሚሊዮን ከማበደር ያነሰ ድካም አለው። ብድሩ በጥቂት ሰዎች እጅ ሲከማች የአንዱ መውደቅ ለባንኩ ከባድ ይሆናል። የደሴ ጅምላ ነጋዴ በበኩሉ ወደ እቁብ፣ ወደ ዱቤ፣ ሲብስም በወንጀል ወደሚያስጠይቀው አራጣ ይዞራል። በባንኩ መዝገብ ላይ ሥጋት ቀነሰ ይባላል፤ በገበያው ውስጥ ግን ማንም በማይመዘግበው ዕዳ ተተክቷል።

ሙስሊሙ ብዙ በሆነበት ወሎ ሌላም መንገድ አለ። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት በ2004 ዓ.ም. በመስኮት፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ ባንክ ሆኖ እንዲሠራ ተፈቅዷል፤ ዘምዘምና ሒጅራ የተቋቋሙት ከዚያ በኋላ ነው። በመርሑ ባንኩና ደንበኛው ትርፍና ኪሳራ የሚጋሩባቸው ሙሻረካና ሙዳረባ አሉ። ሥጋትን በሐቀኝነት ለመከፋፈል ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ማግኘት ይከብዳል። በተግባር ግን በየአገሩ በብዛት የሚሠራበት ሙራበሃ ነው፤ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ በትርፍ ለደንበኛው ይሸጣል፣ መያዣም ይጠይቃል። የመጋራቱን ሥጋት በአግባቡ የሚለካ የካፒታል ደንብ ካልተሠራ ባንኮቹ ወደዚህ ቀላል መንገድ ማዘንበላቸው አይቀርም።

የሚመጣው ፈተና

ለአስቀማጩ አንድ ጥበቃ ተጨምሯል። በ2013 ዓ.ም. በወጣ ደንብ የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100 ሺህ ብር ይሸፍናል፤ ባንኮች በዓመት ከተቀማጫቸው አማካይ 0.3 በመቶ ያዋጣሉ። ለአነስተኛ ቆጣቢ ትልቅ ነገር ነው። መዋጮው ግን ለጠንቃቃውም ለደፋሩም ባንክ እኩል ከሆነ ጠንቃቃው የደፋሩን ዋጋ ይከፍላል፤ መዋጮውን በየባንኩ ሥጋት ልክ ማድረግ ቀጣዩ ሥራ ነው።

የካፒታል ወለሉም ከፍ ብሏል። በ1986 ዓ.ም. ባንክ ለማቋቋም 10 ሚሊዮን ብር ይበቃ ነበር፤ በ2004 ዓ.ም. 500 ሚሊዮን፣ ቀጥሎ 2 ቢሊዮን ሆነ፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ነባር ባንኮች እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. መጨረሻ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያሟሉ ያዛል። ትናንሾቹ ይዋሃዳሉ ወይም ይዋጣሉ፣ ትልልቆቹ ይበልጥ ይተልቃሉ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በሩን ከፍቷል፤ የውጭ ባለቤቶች ድርሻ በአገር ውስጥ ባንክ በጠቅላላው እስከ 49 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

የኪሊ ጥናት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ባንኮች ለ30 ዓመታት ከውጭ ውድድር ተጠብቀው ኖረዋል፣ ፈቃዳቸው ውድ ነበር። ውድድሩ ሲመጣ ትርፋቸው ይቀንሳል፤ ትርፉን ለመመለስ ወደ አደገኛ ብድር የሚያዘነብል ይኖራል። የውጭ ባንኮች አዲስ አበባ ያሉትን ትልልቅ ደንበኞች ከወሰዱ የአገር ውስጦቹ ወደ ክልል ከተሞች ይወርዳሉ። ይህ ለደሴና ለኮምቦልቻ መልካም ዕድል ሊሆን ይችላል፤ ግን ገማች መሐንዲስና ካርታ ብቻ ይዞ የሚመጣ ባንክ የ2014ቱን ዓይነት ጉዳት እንደገና ይደርስበታል።

ከዚህ ሁሉ ምን ይወሰዳል? ባንኮች የራሳቸውን ካፒታል እንዲያዋጡ የሚያስገድደው ቁጥጥር ትክክል ነው፤ ለመንግሥት ድርጅቶች የሚሰጠውን ብድርም ከነሥጋቱ መቁጠር አለበት። መንግሥት የባቡርና የስኳር ሥራ ሲፈልግ ወጪውን በባንክ መዝገብ ውስጥ ከሚያስገባው በበጀት አውጥቶ ምክር ቤት ፊት ቢያስከራክረው የ900 ቢሊዮን ብሩ ዓይነት ሒሳብ አሥር ዓመት ሳይደበቅ ገና በጠዋቱ ይታይ ነበር። የብድር ጣሪያም የድንገተኛ ጊዜ መድኃኒት ነው፤ በቆየ ቁጥር ብድርን በትልልቆቹ እጅ ያከማቻል።

ደቡብ ወሎን በቀጥታ የሚመለከቱ ሁለት ነገሮች ደግሞ አሉ። አንደኛው፣ ጦርነትና የተፈጥሮ አደጋ ለደረሰበት ተበዳሪ የተለየ የብድር ምድብ ማበጀት ነው፤ ብድሩ በግልጽ ተለይቶ ይመዝገብ፣ መክፈያው ይራዘም፣ ኪሳራው በባንኩ፣ በመንግሥትና በተበዳሪው መካከል በታወቀ ድርሻ ይከፈል። ሁለተኛው መረጃ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2016 ዓ.ም. የፋይናንስ መረጋጋት ሪፖርት ማውጣት ጀምሯል፤ ይህ ከባርትና ከባልደረቦቹ ግኝት ጋር የሚሄድ መልካም እርምጃ ነው። ሪፖርቱ በዞንና በከተማ ቢዘረዘር፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ ቅርንጫፎች የተሰበሰበው ተቀማጭ፣ እዚያው የተበደረው፣ ከዚያም ውስጥ የተበላሸው እያንዳንዱ ባንክ ጎን ተጽፎ ቢወጣ፣ የትኛው ባንክ ከከተሞቹ ጋር ሥጋት እንደተጋራና የትኛው ተቀማጩን ብቻ እንደወሰደ ነጋዴውም፣ አስቀማጩም፣ ባለአክሲዮኑም ማየት ይችላል። መረጃው በየባንኩ ኮምፒውተር ውስጥ አለ፤ የቀረው እንዲወጣ ማዘዝ ነው።